ቄሱ ሲገባ

ሴቻ ውስጥ ሰው በጠና ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ከዚያ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይመጣል። ከዚያ የጸሎት ቡድን ይመጣል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ሸጉጦ። ከዚያ ከደጋ ቆጮና ዳጣ የያዘ ዘመድ በሚኒባስ ይወርዳል። የካቶሊኩ ቄስ የሚጠራው ከሁሉም በኋላ ነው። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ብቻ ኮሪደር ላይ ተናግሮ ሲጨርስ፣ በሽተኛው ሰው መለየት ሲያቆም፣ ያኔ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባን ጥሯቸው» ይላል። ይህን የሰማ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የእድሩን ዳኛ ጥሩ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል አስቡ ማለት ነው።

ነገሩ የደረሰበት ቤት ከሴቻ ከፍ ብሎ፣ ሰማዩ ሲጠራ ሁለቱ ሐይቆችና በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ ከሚታይበት በኩል ነው። አባትየው ሸማኔ ናቸው። የዶርዜ ሰው እንደመሆናቸው ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ሲሸምኑ ነው ያሳለፉት። ሚስታቸው የወላይታ ካቶሊክ ነበሩ፤ ሸማኔውም ካቶሊክ የሆኑት በእሳቸው በኩል ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ የሒሳብ ሠራተኛ ነች፤ በእናቷ ሃይማኖት ጸንታለች። ታናሹ ከሴቻ ሲቀላ ባጃጅ ይነዳል፤ ጌታን ተቀብሎ ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ከሄደ ቆይቷል። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤት ኦርቶዶክስ ናቸው። እንዲህ ያለ ግቢ ለአርባ ምንጭ ሰው ምንም አያስገርምም።

እናትየው የሞቱት ከአራት ዓመት በፊት በክረምት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ታመው ተኝተው ነበር። በሁለቱ ወር ውስጥ ትልቋ ልጅ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቄስ ለመጥራት አስባ ተመልሳለች። እናቷ ቄሱ ሲገቡ ቢያዩ «አለቀልኝ ማለት ነው» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ ፈራች። አክስቶቿም እንዲሁ መከሯት፤ «ትንሽ ቆይ፣ ገና ናት» አሏት። አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሻቸው ተለወጠ። ስልክ ተደወለ። ቄሱ ዝናቡን ጥሰው በሞተር ብስክሌት ደረሱ፤ እናትየው ግን ካረፉ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር።

ልጅቷ «ይቀቧት» አለች።

ቄሱ ለሞተ ሰው እንደማይቀባ ነገሯት። ተንበርክከው የሙታንን ጸሎት ደገሙ፤ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አኖሩ፤ ዘይቱን ግን ከኪሳቸው አላወጡም። ልጅቷ ያን ሌሊት ጮኸችባቸው። ያለቀሰችው ለእናቷ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ አስባ ሦስት ጊዜ ስለመለሰችው ስልክም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በሕጉ ቄሱ ልክ ናቸው። ምሥጢራት የሕያዋን ናቸው። ሞቱ እርግጠኛ ካልሆነ፣ ሰውየው ገና እስትንፋስ ይኖረው ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር ይቀባል፤ ሞቱ ከታወቀ ግን ጸሎት እንጂ ቅባት የለም። ዲያቆን ወይም ካቴኪስት በቅርብ ስላለ ብሎ እንዲቀባም አይፈቀድለትም። የቫቲካን የእምነት ጉባኤ በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወሻ ይህን ምሥጢር የሚፈጽሙት ጳጳሳትና ቀሳውስት ብቻ መሆናቸውን በድጋሚ አጽንቷል። ምክንያቱ ከኃጢአት ስርየት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነው ይላል። ለሮም ሰው ይህ የሥነ መለኮት ጥያቄ ነው። ለጋሞ ደጋ ሰው ግን የመንገድ ጥያቄ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን ቄሱም ጥቂት ነው፤ አንዱ ቄስ ጠዋት ቆላ፣ ከሰዓት ጨንቻ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ ተራራው እንደፈቀደ ነው። ካቴኪስቱ በየሳምንቱ በሽተኛውን ይጠይቃል፣ ይጸልያል፣ ዘይቱን ግን አይነካም። ቄስ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ በሆነበት አገር፣ ለመጥራት ደግሞ የመጨረሻዋን ሌሊት መጠበቅ ምን ዓይነት ስሌት ነው?

ስሌቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ይህ ልማድ ሴቻ ውስጥ አልተፈጠረም፤ ከአውሮፓ ነው የመጣው፣ ያውም ከሩቅ ዘመን። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት። የሚሞት ሰው አይልም፤ የታመመ ነው የሚለው። የሚጠራውም ራሱ በሽተኛው ነው። በ416 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ ቀዳማዊ ኢኖሰንት ለጉቢዮ ጳጳስ በጻፉት ደብዳቤ፣ ጳጳሱ የባረከውን ዘይት ምእመናኑ ራሳቸው ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ሕመም እንደሚጠቀሙበት ይናገራሉ። ኋላ ላይ ነገሩ እየጠበበ ሄደ። የንስሐው ቅጣት ከባድ ስለነበር ሰው ንስሐውን እስከ ሞት አፋፍ ያዘገየው ነበር፤ ቅባቱም ንስሐውን ተከትሎ አልጋው ጫፍ ላይ ደረሰ። ስሙም «የመጨረሻው ቅባት» ሆነ። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የተቀባ ሰው ቢድን ከሚስቱ ጋር መተኛት አይችልም፣ ሥጋ አይበላም፣ በባዶ እግሩ አይሄድም የሚል ወሬ በሕዝቡ ዘንድ ተስፋፍቶ የአገር ጉባኤዎች ሊያወግዙት ግድ ሆኖባቸው ነበር። እንግዲህ ማን ይጠራል? ከቅባቱ በኋላ በሕይወት መኖር ራሱ መዘዝ ሆነ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ስሙን አስተካከለ፦ «የመጨረሻው ቅባት» ከማለት «የሕሙማን ቅባት» ማለት ይሻላል፣ ለሚሞቱ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም አለ። ጳውሎስ ስድስተኛ በ1972 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱን አደሱት። ቀድሞ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አፍና እጅ ሁሉ ይቀቡ ነበር፤ አሁን ግንባርና መዳፍ ሆነ። ከባድ ሕመም የጀመረው፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው፣ እርጅና ያደከመው ሰው ይቀባል። ድኖ ዳግመኛ ቢታመም ይደገምለታል፤ በዚያው ሕመም ላይ ሳለ ቢብስበትም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ከተጻፈ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎታል። ስሙ ወረቀት ላይ ተቀይሯል፤ የሴቻ አክስቶች ጋ ግን አልደረሰም። ስብከቱ ላይ በዓመት ስንት ጊዜ ይነሳል? የካቲት 4 ቀን የዓለም የሕሙማን ቀን በሚከበርባቸው ቦታዎች ምእመናን በጅምላ ሲቀቡ ያየ ሰው ፍርሃቱ ይቀንስለታል። ያላየ ግን እናቱ የነገረችውን ይዞ ይኖራል።

ኦርቶዶክሱም ቤት ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ምሥጢረ ቀንዲል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር በሰንበት ትምህርት ቤት ይቆጥረዋል። ሥርዓቱ ሰባት ካህናት፣ ሰባት ፈትል፣ ሰባት ጸሎት ያለው ውብ ሥርዓት ነው። ግን በሕይወቱ ሲፈጸም ያየ ምእመን ስንት ነው? ቦታውን ጠበልና ቅብዓ ቅዱስ ወስደውታል። ጎረቤትየዋ ለሸማኔው ትንሽ ብልቃጥ ቅብዓ ቅዱስ ይዘው ሲመጡ «ይሄ ለማንም ነው፣ ሞት አይጠራም» ያሉት በቀልድ አልነበረም። የካቶሊኩ ዘይት ሞት እንደሚጠራ እሳቸውም ሰምተዋል ማለት ነው።

አባትየው የታመሙት በመጋቢት ነው። ልባቸው ደከመ። እግራቸው አበጠ፣ ሌሊት በጀርባቸው መተኛት አቃታቸው፤ ሦስት ትራስ ተደራርቦላቸው ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ሐኪም ቤት ገብተው በሚያሸና መድኃኒት ውኃው ሲቀንስ ወጡ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርቶ ልባቸው እንደማይመለስ ነገራት። «ለእሳቸው አትንገሪ» አላት፤ እሷም ባይላትም አትነግርም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚህ አገር ለበሽተኛ አይነገርም። መርዶ ለሟች ዘመድ እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚነገረው፤ ሌሊቱን በሰላም ይደር ተብሎ፣ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ። ታዲያ በሽተኛው ስለ ራሱ መርዶ እንዴት ይነገረዋል? ቤተሰቡ ይስቃል፣ «ምንም አልሆንክም፣ ፊትህ ጥሩ ነው» ይላል፤ ኮሪደር ላይ ያለቅሳል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ግን በሽተኛው ከቤተሰቡ ፊት ላይ ሁሉንም ያነበዋል። እሱም ደግሞ ለእነርሱ ብሎ ያላነበበ ይመስላል። ሁለት ወገን እርስ በርስ ሲደባበቅ፣ ይቅር ለማለት፣ አደራ ለማለት፣ ለመመረቅ የቀረው ጊዜ ያልቃል። ቄሱ ደግሞ ይህን ጨዋታ የሚያፈርስ ሰው ነው። የሚፈራውም ለዚህ ነው። ዘይቱ ማንንም ገድሎ አያውቅም፤ የሚገድለው ድብብቆሹን ነው።

ልጅቷ ግን የእናቷ ሌሊት ነበረባት። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ስልኩን አነሳች። ወንድሟ ተቆጣ። «አባባን ልትገድያቸው ነው?» አላት። ደግሞም ዘይት የሰው ሥርዓት ነው፣ የሚፈውስ ጌታ ነው አለ። እሷ ክርክር አልፈለገችም፤ የራሱን መጽሐፍ ቅዱስ ከባጃጁ መሪ አጠገብ አንስታ ያዕቆብ ምዕራፍ 5ን ከፍታ ሰጠችው። አነበበው። ደግሞ አነበበው። በእሱም ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዳንዴ ዘይት ቀብተው እንደሚጸልዩ ያውቃል፤ ከካቶሊክ ጋር ሲሆን ነው የረሳው። «እሺ፣ ግን እንዳይደነግጡ» አለ።

እንዳይደነግጡ ሲባል ሌላ ድብብቆሽ ተዘጋጀ። ልጅቷ ቄሱን በር ላይ ጠብቃ «አባ፣ እንዲሁ ለጥየቃ እንደመጡ ይሁኑ፤ ዘይቱን አያሳዩአቸው» አለቻቸው። ቄሱ «ዘይቱ ኪሴ ውስጥ ነው። እሳቸው ካልጠየቁኝ አላወጣውም» አሏት።

ገቡ። ሽማግሌው ትራሱ ላይ ተደግፈው ነበር። ቄሱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ደግመው ቄሱን አዩ።

«ዘይቱን ይዘውት መጡ?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ዞር ብላ ጀበና የምታነሳ መሰለች።

«ይዤዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ከፋሲካ ጀምሮ ስጠብቅ ነው። ረስታችሁኛል ብዬ ነበር።»

ከፋሲካ ጀምሮ! ልጆቹ አባታቸው እንዳይደነግጡ ሲደብቁ፣ አባትየው ደግሞ ቄስ ጥሩልኝ ብል ልጆቼ ይደነግጣሉ ብለው ዝም ብለው ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ የፈራው በሽተኛው አልነበረም።

ቄሱ ልጆቹን አስወጡ፤ ኑዛዜ ነበርና። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ ሁሉንም ጠሯቸው፣ ጎረቤትየዋንም ጭምር። እጃቸውን በሽማግሌው ራስ ላይ አድርገው ያለ ቃል ቆሙ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውላት ይህች ዝምታ ነች፤ ቄሱ ምንም ሳይናገር እጁን ብቻ የሚያኖርባት። ከዚያ ግንባራቸውን፣ ከዚያ ሁለቱን መዳፋቸውን ቀቡ። በክር የሻከረ የሸማኔ መዳፍ ነው፤ ዘይቱ በስንጥቁ ውስጥ ገባ።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር። በጸሎተ ሐሙስ አካባቢ ጳጳሱ የሚባርኩት የሕሙማን ዘይት በልማዱ የወይራ ነው። የአርባ ምንጭ ካቶሊኮች በሶዶ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ስለሆኑ፣ ዘይቱ ከጳጳሱ መንበር ሴቻ የሚደርሰው ወደ 120 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው። እዚህ አገር ወይራ ሞልቷል፤ ግን ለማጠኛ እንጂ ለዘይት አይደለም። የሚጨመቀው ወይራ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በ1972 እ.ኤ.አ. የታደሰው ሥርዓት የወይራ ዘይት ለማይገኝባቸው አገሮች ከሌላ ተክል የተጨመቀም እንዲሆን ፈቅዷል፤ ኑግም ሱፍም ይሆናል ማለት ነው። ሽማግሌው ከተቀቡ በኋላ መዳፋቸውን እያዩ ሌላ ነገር ነው ያስታወሱት። በጋሞ ደጋ ሰው ለክብር ሲበቃ ቅቤ በራሱ ላይ ይደረጋል፤ ቅቤ የተቀባ ሰው በገበያ መካከል ሲያልፍ ሁሉ ያየዋል። «ያኛው ለጤነኛ ነው፣ ይሄኛው ለታመመ» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ቄሱም ሳቁ። ከዚህ የተሻለ ትምህርተ ክርስቶስ በዚያ ቀን አልተሰጠም።

ቄሱ ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌው ልጃቸውን ጠሯት። «አጎትሽን ጥሪልኝ» አሏት።

አጎቷ ዶርዜ ናቸው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ሁለቱ በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። እናቷ ሲሞቱ አጎቷ መጥተው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ከወንድማቸው ጋር ሳይተያዩ ሄደዋል። ልጅቷ ቄሱን አየቻቸው። በኑዛዜው ውስጥ የተባለውን ቄስ አይናገርም፣ በፊቱም አያሳይም። ቄሱ የሞተራቸውን ቁልፍ ይፈልጉ ነበር።

እዚህ ላይ ጎሜ የሚባለውን ነገር ማንሳት ግድ ነው፤ ያለ እሱ የሽማግሌው ጥሪ አይገባም። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባለው ሕግና ወግ ሲጣስ የሚከተል መዘዝ ነው። በሽታ፣ ድርቅ፣ የከብት ሞት ሲመጣ ሰው «ምን ተጥሶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ይመረምራሉ፤ የጠፋው ጥፋት በአፍ ይነገራል፣ እርቅ ይፈጸማል። ያልተነገረ ጥፋት አይለቅም፤ በአጥፊው ብቻ ሳይቆም ለሌላውም ይተርፋል። ብዙ ሰባኪዎች ይህን አረማዊ ነው ብለው አንድ ጊዜ ይወረውሩታል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ እጅ የሚወረወር አይደለም። በእርግጥ በሽተኛን «ምን አጥፍተህ ነው?» ብሎ ማስጨነቅ ጭካኔ ነው። ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ማን በድሎ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው የመለሰላቸው። የልብ ድካም የእንሰት ድንበር አይጠይቅም። ቢሆንም የጋሞ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ያውቃሉ፦ የታመመ ሰው ውስጥ ያልተነገረ ነገር እንዳለ፣ እሱ ካልወጣ ሰውየው እንደማያርፍ። ያዕቆብም በዚያው ምዕራፍ ከዘይቱ ቀጥሎ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ኃጢአታችሁን እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ይላል። እናም ሸማኔው ሁለቱን አልለዩአቸውም። ለቄሱ የሚነገረውን ለቄሱ ተናገሩ፤ ለወንድማቸው የሚነገረውን ደግሞ ወንድማቸውን አስጠሩ።

አጎትየው በሦስተኛው ቀን ወረዱ። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው እጃቸውን ነው፤ ለምለም ሣር ይዘዋል። የአርባ ምንጭ ሰው ይህን ሣር ያውቀዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩው ግድያ ወሬ ሲደርስ ከተማው ውስጥ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች በዚሁ ሣር፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው ነው የመለሷቸው። ያን ቀን አገር ሁሉ በቴሌቪዥንና በፌስቡክ አየው። እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጭብጥ ሣር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ።

«ጋሼ» አሉ አጎትየው በሩ ላይ ቆመው። ከዚያ በላይ አልቻሉም።

ስለ ማሳው ያን ቀን አልተነሳም። በኋላ በሽማግሌ ታይቷል፤ አጎትየው አንድ ተርታ እንሰት ለቀቁ፣ ሸማኔውም «የምን ተርታ፣ ይዘኸው ኑር» አሏቸው። ማን ለማን እንደለቀቀ እስከ ዛሬ ግልጽ አይደለም።

የሚገርመው ሽማግሌው ተሻላቸው። እዚህ ላይ ተአምር ፈላጊም ተአምር ጠይም ይረጋጋ። የመድኃኒታቸው መጠን ተስተካክሏል፤ ጨው ቀንሰዋል፤ ልጃቸው ክኒኑን በሰዓቱ ትሰጣለች። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ቅባቱን የሕክምና ምትክ አታደርገውም፤ የሥጋ ፈውስ ለነፍስ የሚጠቅም ሲሆን ይመጣል ትላለች፣ የምትለምነው ግን በመጀመሪያ ብርታትን፣ ሰላምን፣ የኃጢአትን ስርየት ነው። ሆኖም ሌሊት ይተኙ ነበር። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ነው አለ፤ ጎረቤትየዋ ከቅብዓ ቅዱሱ ነው አሉ፤ ልጁ ከጸሎቱ ነው አለ። ሽማግሌው ማንንም አልተቃወሙም።

በኅዳር ተመልሶ ባሰባቸው፤ ሐኪም ቤት ገቡ። በዚያ ዋርድ ውስጥ ስድስት አልጋ ነበር። ቄሱ በር ላይ ሲታዩ የሌሎቹ አስታማሚዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዷ እናት የልጇን ብርድ ልብስ እስከ ዓይኑ ሳበችው፣ ሞት ተሳስቶ ወደ እሱ እንዳይመጣ ይመስል። ጥበቃው የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም ብሎ በሩ ላይ ሊከራከር ሞከረ። ሽማግሌው ከአልጋቸው ሆነው «እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አሉ፤ እውነትም በራሳቸው ስልክ ነበር የደወሉት። ተቀቡ፤ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሲጨርሱ ከጎን አልጋ ያለው ወጣት፣ ካቶሊክ አይደለም፣ «አባ፣ ለእኔም ጸልዩልኝ» አለ። ቄሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጸለዩለት። እናቲቱ ብርድ ልብሱን ዝቅ አደረገች።

የሞቱት በጥር ነው፣ ቤታቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሽፈራው ቅጠል ቀቅላችሁ ስጡኝ ብለው ሳይበሉት። ቄሱ ጨንቻ ነበሩ፤ ስልካቸው አልሠራም። ወንድ ልጃቸው ባጃጁን አስነስቶ ሊፈልጋቸው ተነሳ፤ እህቱ «ተወው፣ ሲመጡ ይመጣሉ» አለችው። ከሰዓት በኋላ ደረሱ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ። ገብተው ተንበረከኩ፤ የሙታንን ጸሎት ደገሙ። ዘይቱን ከኪሳቸው አላወጡም። ማንም «ይቀቧቸው» አላለም።

ልጅቷ ውኃ አቀረበችላቸው፤ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከአጎትየው አጠገብ ተቀመጡ። አጎትየው የተቀመጡት እንደ ያኔው ጥግ ላይ አልነበረም።